ሽያጭ ሲያድግ ኪሳራም አብሮ የሚያድገው ለምንድን ነው?

«ደንበኞቻችን በእጥፍ ጨመሩ» ማለት «አተረፍን» ማለት አይደለም። ብዙ ጀማሪ ድርጅቶችን ገደል የሚከተው ይህ መደናገር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የጣናን ዓሣ በስልክ ትእዛዝ ቤት ድረስ የሚያደርስ ድርጅት እናስብ። ደንበኛው 400 ብር ይከፍላል። ዓሣው ከአጥማጁ 300፣ በረዶና ማሸጊያው 40፣ ባጃጁ 100 ብር ይፈጃል። በእያንዳንዱ ትእዛዝ 40 ብር ይጎድላል ማለት ነው። በቀን 50 ትእዛዝ ሲኖር ኪሳራው 2,000 ብር ነው፤ 1,000 ሲደርስ 40,000 ይሆናል። ብዛት የሚያቃልለው እንደ ቢሮ ኪራይ ያለውን ቋሚ ወጪ ነው፤ ይህን ጉድለት ግን ያባዛዋል። ባጃጁ በአንድ ዙር ለአንድ ሰፈር አራት አምስት ቤት ማድረስ ከቻለ ሂሳቡ ይለወጣል። መስፋፋት የሚያዋጣው ያኔ ነው፤ በእኔ እምነት ከዚያ በፊት ወደ ጎንደር ቅርንጫፍ መክፈት ጥፋት ነው።

ዊወርክ የተባለው የአሜሪካ ቢሮ አከራይ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አግኝቶ 1.9 ቢሊዮን ያህል ከሰረ። በ2019 መጀመሪያ የድርጅቱ የዋጋ ግምት 47 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2023 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎቹ የሚከላከል የኪሳራ ጥበቃ ከፍርድ ቤት ጠየቀ።

እንዲህ ያለውን ኪሳራ በገንዘቡ የሚሸፍነው ባለሀብት እጁን በሰበሰበ ዕለት፣ በዓሣው ድርጅት ምሳሌያችን ቀድሞ የሚጎዳው ዓሣውን በዱቤ የሰጠው አጥማጅና የወር ደመወዙን የሚጠብቀው ሠራተኛ ነው።