ቹምቤ፦ ከዛንዚባር ማዶ ያለችው የኮራል ደሴት

ቹምቤ የታንዛኒያ አካል በሆነችው ዛንዚባር ሥር ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ርዝመቷ ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ስፋቷ 300 ሜትር ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት ድንጋይ መሰል አጥር) ለዓሣ አስጋሪዎች ዝግ ነው፤ ደሴቷን የሸፈነው ደንም ጥብቅ ነው። ሰባት ጎጆዎች ያሉት አንድ ሎጅ አላት። ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) የሚከፈሉት፣ የዛንዚባር ተማሪዎች በነፃ የሚጎበኙት፣ ጥናቱም የሚካሄደው በዋናነት ከዚህ ሎጅ በሚገኝ ገቢ ነው።

በአማርኛ ስለ ዛንዚባር የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ቅርንፉድ፣ ስለ ነጭ አሸዋና ስለ ጫጉላ ሽርሽር ነው። ቹምቤ እምብዛም አትነሳም። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚርቅ ቦታ ይህ ትንሽ ያሳዝናል።

ከ1990ዎቹ በፊት

ደሴቷ የሚጠጣ ውሃ ስለሌላት ሰው አልሰፈረባትም። እንግሊዞች በ1904 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለመርከቦች የመብራት ማማ አቆሙባት። የማማው ጠባቂ ቤትና በሕንድ አሠራር የታነፀች ትንሽ መስጊድም ተሠሩ። ማማውም መስጊዱም ዛሬም ቆመዋል።

ሪፉ የተረፈው ማንም ሳያስብበት ነው። ምዕራባዊው ዳርቻ ወደ ዛንዚባር ወደብ በሚወስደው የመርከብ መስመር ላይ ነው። አካባቢው የጦር ሠራዊት ይዞታም ስለነበረበት ማስገር አይፈቀድም ነበር። አብዛኛው አስጋሪ ደግሞ ሞተር የሌለው ጀልባ ስለነበረው እዚያ ድረስ መሄዱ አያዋጣውም። በዚያው ዘመን በታንዛኒያ ዳርቻዎች ሰው በዲናሚት ያሰግር ነበር። አንድ ፍንዳታ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓመት የፈጀውን ኮራልም ያወድመዋል። ቹምቤ ከዚህ አመለጠች።

ፓርኩ እንዴት ተቋቋመ

ታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው ከ1991 ወዲህ ነው። ጀርመናዊቷ ሲቢለ ሪድሚለር ለዓመታት በልማት ፕሮጀክቶች ላይ የሠሩ ሴት ናቸው። የእርዳታ ገንዘብ ሲያልቅ ፕሮጀክቱም አብሮ ሲሞት ደጋግመው አይተዋል። ስለዚህ ያሰቡት የራሱን ወጪ የሚችል የባሕር ፓርክ ነበር። ቱሪስቱ ይከፍላል፣ ገንዘቡ ወደ ሪፉ ይመለሳል። ሐሳቡ ዛሬ ለማንም ይገባል። በወቅቱ ግን መንግሥት የባሕር ጥበቃን ለአንድ የግል ድርጅት አሳልፎ መስጠቱ እንግዳ ነገር ነበር።

በ1992 ቹምቤ አይላንድ ኮራል ፓርክ ሊሚትድ የተባለው ኩባንያ ተመዘገበ። ለሎጁ የሚሆነው መሬት በ33 ዓመት ሊዝ ተያዘ። የዛንዚባር መንግሥት ሪፉን በ24 ዲሴምበር 1994፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ፣ ጥብቅ ክልል ብሎ አወጀ፤ ደኑም ተከተለ። አስተዳደሩ በውል ለኩባንያው ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው የፈቃድ ጣጣ ነው። መሬቱ የአንዱ መሥሪያ ቤት፣ ባሕሩ የሌላው፣ ደኑ የሦስተኛው። አንዱ ሲፈርም ሌላው ያቆያል። የአገራችንን ቢሮ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ግንባታውም ቀላል አልነበረም፤ ሲሚንቶውም እንጨቱም በጀልባ መጓጓዝ ነበረበት። ወጪው ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ብዙው ከመሥራቿ ኪስ ወጣ፤ ቀሪው ከለጋሾች ተገኘ። በርካታ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎችም ጉልበታቸውን ሰጥተዋል። ሎጁ በሙሉ አቅሙ እንግዳ መቀበል የጀመረው በ1998 ነው።

በእኔ አስተያየት የፕሮጀክቱ ትልቁ ብልሃት የሰው ምርጫው ነው። ስካውቶች ሆነው የተቀጠሩት የአካባቢው መንደር አስጋሪዎች ነበሩ። መሣሪያ አይዙም። የሚያሰግር ጀልባ ሲጠጋ ቀርበው ያነጋግራሉ፤ ዓሣው እዚህ ካልተነካ እዚህ ይራባል፣ ከተራባ ደግሞ ወደ ውጭ እየወጣ ለእናንተው ይደርሳል ብለው ያስረዳሉ። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ጎረቤት ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል። በክላሽ የማይገኝ ውጤት የተገኘው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ማን ነው?

ቹምቤ በዓለም የመጀመሪያው በግል የተቋቋመና የሚተዳደር የባሕር ፓርክ ነው ይባላል። ብዙዎች ይቀበሉታል፤ በግል የሚል ቃል ምን ያህል ይሰፋል የሚለው ግን ያከራክራል። በታንዛኒያ ደረጃ ሲታይ የመጀመሪያው በሥራ ላይ የዋለ የባሕር ፓርክ መሆኑ አያጠራጥርም። በ1975 ዳሬሰላም አካባቢ ያሉ ደሴቶች በወረቀት ጥብቅ ተብለው ነበር፤ ጠባቂ ግን አልነበራቸውም። ትልቁ የማፊያ ደሴት የባሕር ፓርክ የታወጀው በ1995 ነው። ትንሿ ደሴት ትልቁን ቀድማዋለች።

ሎጁ ውስጥ

ቹምቤን ቅንጡ ሪዞርት ማለት ይቻላል ወይ? ቅንጦት ማለት ኤሲ፣ ቴሌቪዥንና መዋኛ ገንዳ ከሆነ አይቻልም፤ አንዳቸውም የሉም። ሰው የሌለበት ዳርቻ፣ ጸጥታና ጥሩ የስዋሂሊ ምግብ ከሆነ ግን በደንብ። ዋጋውም ቢሆን ለአንድ ሰው በአዳር በመቶዎች ዶላር ስለሚቆጠር ርካሽ ነው የሚል የለም።

ጎጆዎቹ ፎቅ አላቸው፤ ታች ሳሎን፣ ላይ መኝታ። ክዳናቸው የዘንባባ ቅጠል ነው። ዝናብ ከጣሪያው ወርዶ፣ ተጣርቶ፣ ከወለሉ ሥር ባለ ታንከር ይጠራቀማል። ገላ መታጠቢያው ውሃ በፀሐይ ይሞቃል፤ መብራቱም ሶላር ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ አይጠቀምም፣ ቆሻሻውን ወደ ኮምፖስት ይለውጠዋል። የመታጠቢያ ፍሳሽ ዕፅዋት ወደተተከሉበት መደብ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሆነው ሪፉ ከቤቶቹ ጥቂት እርምጃ ስለሚርቅ ነው፤ ያልተጣራ ፍሳሽ ባሕር ከገባ አልጌ ይበዛና ኮራሉን ያፍነዋል። ማታ ከቤት ውጭ መብራት ስለማይበራ እንግዳ በባትሪ ነው የሚንቀሳቀሰው። አሮጌው የማማ ጠባቂ ቤት ደግሞ ታድሶ የጎብኚዎች ማዕከልና መመገቢያ ሆኗል።

ዳይቪንግ የለም

ብዙ ሰው የሚገረመው በዚህ ነው። በአየር ሲሊንደር መጥለቅ ለተመራማሪዎችና ለፊልም ቀራጮች ካልሆነ አይፈቀድም። እንግዳ በመነጽርና በስኖርክል (መተንፈሻ ቱቦ) ላይ ላዩን ይዋኛል፤ አስጎብኚ አብሮት ይገባል። ኮራል መንካትም ሆነ መቆም ክልክል ነው። ሪፉ ጥልቀት ስለሌለው የሚቀርበት ብዙ ነገር የለም። ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። ጠንካራ ኮራሎቹ ወደ 200 ዝርያ ይጠጋሉ፤ ይህ በምሥራቅ አፍሪካ ከተመዘገቡት 90 በመቶ ገደማ መሆኑ ይነገራል። ለዚህች ስፋት ይህ ጉድ ነው።

መጥለቅ የግድ ካለ ባዌ ወይም ሙሮጎ ሪፎች ለስቶን ታውን (ለአሮጌው የዛንዚባር ከተማ) ቅርብ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው ምኔምባም አለች፤ እሷም የቅንጡ ሎጅ ደሴት ስትሆን ዙሪያዋ በጀልባ ብዛት ትታወቃለች። ምኔምባንና ቹምቤን ያየ ሰው ክልከላው ለምን እንደመጣ ይገባዋል።

በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ በኤል ኒኞ ምክንያት ሲሞቅ በየቦታው ኮራል ነጥቶ ሞቷል። ቹምቤም ነጥታ ነበር፤ ከብዙ ጎረቤቶቿ በተሻለ አገግማለች ይባላል። በ2016 ሙቀቱ ተመልሶ መጣ። ስካውት ከሙቀት አያድንም።

ደኑና ትምህርቱ

ደኑ ውስጥ በዓለም ትልቁ የየብስ ሸርጣን የሆነው የኮኮናት ሸርጣን ይኖራል። እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚወጣው ማታ ነው። ከራት በኋላ ከአስጎብኚ ጋር በባትሪ ሄዶ ማየት ይቻላል። በ1997 አይጦች ከደሴቷ እንዲጠፉ ተደርጓል። በዛንዚባርና በኬንያ ጠረፍ ብቻ የሚገኘው፣ ህልውናው አደጋ ላይ ያለው የአደርስ ሚዳቋም ወደዚህ ተዛውሯል።

የዛንዚባር ተማሪዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በነፃ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ በደሴት ተወልደው ያደጉ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ኮራል የሚማሩት ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ፣ በተለይ ሴት ልጆች፣ ዋና አይችሉም ነበር። በሕይወት አድን ጃኬት ውሃ ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ባሕር ከሥሩ ያያሉ። ፕሮጀክቱ በ1999 የብሪቲሽ ኤርዌይስን የቱሪዝም ሽልማት፣ በ2000 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምን ግሎባል 500 የተባለ ሽልማት ሲያገኝ ይህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው ብል ማጋነን አይሆንም።

ደካማ ጎኑ ሁሉም ነገር በቱሪስት ላይ መንጠልጠሉ ነው። በ2001 የዛንዚባር የምርጫ ግጭትና በአሜሪካ ላይ የደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ተከታትለው ሲመጡ፣ በ2020ም በኮሮና ጊዜ፣ እንግዳ ቀነሰ። የስካውት ደመወዝ ግን ወር እየጠበቀ ይመጣል።

ለሚሄድ

እንግዶች ለዓመታት የተሻገሩት ከከተማው ደቡብ ካለችው ምብዌኒ ነው፤ ጀልባው 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጎጆዎቹ ሰባት ብቻ ስለሆኑ ቀደም ብሎ ማስያዝ ይገባል። በከባዱ ዝናብ ወቅት ሎጁ ይዘጋል። ስኖርክል የሚገባበት ሰዓት ባሕሩ እንደሚሞላና እንደሚሸሽ ይለያያል፤ የቀን ጉብኝት ብቻ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።