ናይኪ ማግ፦ «ኦሪጅናል» የሚባለው የቱ ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ የጫማ ሱቅ ገብተው «ኦሪጅናል ነው» ሲባሉ ከፋብሪካው የወጣ ማለት ነው፤ ለፊልም ጫማ ሰብሳቢ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ናይኪ ማግን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር ክፍል 2» ፊልም የተሠራው ይህ የናይኪ ጫማ ማሰሪያው በራሱ የሚጠብቅ የመሰለው በቀረጻ ዘዴ ነበር፤ በ2011 ለጨረታ የቀረቡት 1,500 ጥንዶች የሚበራ መብራት እንጂ ራሱን የሚያጠብቅ ማሰሪያ አልነበራቸውም፤ ይህ በእርግጥ የተሟላው በ2016 በወጡት 89 ጥንዶች ላይ ነው። ስለዚህ «የ2011 ነው፣ ራሱን ያስራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት እባክዎ ገንዘብዎን አያውጡ።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ሶሉን ነው። ሶሉ የተሠራበት ፖሊዩረቴን የተባለው የፕላስቲክ ስፖንጅ የአየር እርጥበት እያገኘው በዓመታት ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራልም፤ በመሆኑም በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ትኩስ ዳቦ ተመልሶ የሚነሳ ሶል ያለው «የ1989 ጫማ» ወይ ሶሉ ተቀይሯል፣ ወይ ከነአካቴው ቅጂ ነው።