ጥይት መልሶ መሙላት ምንድን ነው? መሣሪያውና አቅራቢውስ በምን ይመረጣሉ?

ጥይት መልሶ መሙላት ማለት አንድ ጊዜ የተተኮሰን ቀለህ አንሥቶ፣ ቅርጹን ወደ ቀድሞ ልኩ መልሶ፣ አዲስ መለኮሻ፣ የተመዘነ ባሩድና አዲስ አረር በማግባት ዳግም ለመተኮስ ማብቃት ነው። በተለምዶ «ጥይት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር እነዚህ አራት ክፍሎች የተገጣጠሙበት ሲሆን፣ ከተኩሱ በኋላ ባሩዱ ነድዶ፣ መለኮሻው ተመትቶ፣ አረሩም ሄዶ የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። ቀለህ በአብዛኛው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ካለው ቢጫ ብረት ስለሚሠራ ይለጠጣል፣ ይመለሳል፣ በጥንቃቄ ከተያዘም ደጋግሞ ያገለግላል።

ወደ መሣሪያው ከመግባቴ በፊት ሕጉን ማስቀደም ይገባኛል። በአሜሪካ አንድ ሰው ለራሱ ዒላማ ወይም አደን የሚሆነውን ጥይት በቤቱ ሲሞላ የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት። በሀገራችን ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ሲሆን፣ ያለ ሥልጣን ጥይት መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ሥራው በተፈቀደበት አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችንና ነገሩን ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ እንጂ፣ እዚህ ተሞክሮ እንዲታይ አይደለም።

እኔ ገላን ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቶርኖ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዴንቨር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ይህን ሥራ ሊጀምር ሲነሣ «አንተ የልክ ሰው ነህ፤ የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ሰው ጋ ነበር የመጣው፤ ጥይት መሙላት ከተኩስ ሙያ ይልቅ ለልክ ሙያ ይቀርባልና። የሚገዛው ዕቃ ሁሉ መመዘን ያለበት «ልኩን ሳይለዋውጥ ይደግመዋል ወይ?» በሚለው አንድ ጥያቄ ነው።

የመጀመሪያው ዕቃ ፕረሱ፣ ማለትም እጀታው እየተሳበ ቀለሁን የሚጫነው ማሽን ነው። አንዱ ዓይነት እጀታው በተሳበ ቁጥር በአንድ ቀለህ ላይ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ ሌላው ብዙ ቀለሆችን በተርታ ይዞ በእያንዳንዱ ስበት አንድ ያለቀለት ጥይት ያወጣል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አምስት ነገር በአንድ ጊዜ እየተካሄደ አንዱ ቢሳሳት ጀማሪ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ለጀማሪ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ። አካሉ ከብረት የተቀረጸና እንደ ቀለበት ዙሪያው የተዘጋ ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ ጎኑ ክፍት የሆነው ኃይል ሲበዛበት በጥቂቱ ይከፈታል፣ ያ ጥቂት መከፈትም የጥይቱን ርዝመት ይለውጠዋል። በፕረሱ ላይ የሚታሰሩት ዳዮች፣ ማለትም ቀለሁ ገብቶ ልኩን የሚይዝባቸው የብረት ቅርጾች፣ አብዛኞቹ 7/8 ኢንች ውፍረትና በኢንች 14 ጥርስ ባለው አንድ ዓይነት ልክ ስለሚሠሩ፣ የአንዱን ፋብሪካ ዳይ በሌላው ፕረስ ላይ ማሰር ይቻላል። ያገለገለ ፕረስ መግዛትም ነውር የለበትም፤ ብረቱ ካልተሰነጠቀና ዘንጉ በማረፊያው ውስጥ ካልተወዛወዘ ከሰው ዕድሜ በላይ ይሠራል።

ገንዘብ መቆጠብ የሌለበት ሚዛን ላይ ነው። ባሩድ የሚለካው «ግሬን» በሚባል መለኪያ ሲሆን፣ አንድ ግራም ከ15 ግሬን ጥቂት ይበልጣል። ሚዛኑ የግሬንን አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 6.5 ሚሊግራም ያህል ለይቶ ማንበብ አለበት። የወጥ ቤቱን ሚዛን ተዉት፤ እስከ 0.01 ግራም የሚያነበው የወርቅ ሚዛን እንኳ ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው። በባትሪ ወይም በመብራት የሚሠራው ዲጂታል ሚዛን ከበር የሚገባ ንፋስ፣ የኃይል መዋዠቅና ቅዝቃዜ ያሳስቱታል፤ በሚዋልል የብረት ክንድ የሚመዝነው የድሮው ዓይነት ዘገምተኛ ቢሆንም ከእነዚህ ብዙዎቹ አይነኩትም። የትኛውም ይገዛ፣ ክብደታቸው የታወቀ መፈተሻ ጠጠሮች አብረው ይገዙ፤ ሥራ ሲጀመርና በየመካከሉም ሚዛኑ በእነርሱ ይፈተሽ። እንዲህ የምወተውተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከልኩ ያለፈ ባሩድ ጠመንጃውን ተኳሹ ፊት ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የሽጉጥ ቀለህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሹ እንኳ ስለማይሞላ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት አይፈስም፤ ስለዚህ አረሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ቀለህ በመብራት ተመልክቶ ይታለፋል።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ርዝመትና ውፍረት የሚለካበት ካሊፐር ይገዛል፤ እኛ ቶርኖ ቤት ከእጃችን የማይለየው ያው ዕቃ ነው። የጠመንጃ ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር አንገቱ ስለሚረዝም ርዝመቱ ይለካል፣ ካለፈም ይቆረጣል።

ቀለሁን ራሱን መምረጥም ሙያ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ ቁራሌው ከአሮጌ የቧንቧ ጭንቅላት ጋር የተቀላቀለ ቀለህ በጆንያ ይዞ «ቢጫ ብረት ነው፤ ትገዛኛለህ?» ብሎኝ ነበር። ማግኔት ባስጠጋባቸው አብዛኞቹ ተለጠፉ፤ ላያቸው የተቀቡ የብረት ቀለሆች ነበሩ። ከማይለጠፉት አንዱን አንሥቼ በባትሪ መብራት ውስጡን ሳየው መሠረቱ ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ይህ የቤርዳን ሥርዓት ይባላል፤ መለኮሻውን ከውስጥ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ስለማይመች በተለመደው የቤት መሣሪያ መሙላት ያስቸግራል። መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው የቦክሰር ሥርዓት ነው፤ ለመሙላት የሚፈለገውም እሱ ነው። ሂራም ቤርዳን አሜሪካዊ፣ ኤድዋርድ ቦክሰር እንግሊዛዊ ሆነው ሳለ፣ አሜሪካ በቦክሰር ስትሠራ ብዙው የአውሮፓ የጦር ጥይት በቤርዳን መሠራቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጆንያውን ግን አልገዛሁትም፤ በመካከሉ አንድ ያልተተኮሰ ጥይት ቢኖርና ማቅለጫ ውስጥ ቢገባ ሰው ይጎዳል።

ደጋግሞ የተተኮሰ ቀለህ ከመሠረቱ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካሳየ መበጠሻው ደርሷል ማለት ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ሰዶ ግድግዳውን መዳበስ ይገባል፤ ሽቦው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ከያዘ ቀለሁ ይጣላል።

አቅራቢን በተመለከተ፣ ዕቃውንና የሚነድደውን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። ፕረስና ዳይ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆየው አር.ሲ.ቢ.ኤስ፣ ወይም ከሊ፣ ከሆርናዲና ከዲሎን ቢገዛ፣ ልዩነቱ በዋጋና በፍጥነት እንጂ ሥራውን በመቻል አይደለም። ባሩድና መለኮሻ ላይ ግን የሻጩ ማንነት ወሳኝ ነው። ባሩድ በቀለሙ ወይም በፍሬው ቅርጽ አይታወቅም፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ባሩዶች የሚነድዱበት ፍጥነት ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። አባቶቻችን ውጅግራ ብለው የሚጠሩት ጠመንጃ የሚተኩሰው ጭሱ የሚበዛውን ጥቁር ባሩድ ነበር፤ ፈረንሳዊው ፖል ቪዬ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ከሠራ በኋላ የመጣው ግን በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል የሚያወጣ ነው፤ በጥቁሩ ፈንታ ያንኑ ያህል የጨመረ ሰው መሣሪያውንም ራሱንም ያጠፋል። ስለዚህ ደህና አቅራቢ የሚባለው ባሩዱን በፋብሪካው ማሸጊያ እንደታሸገ የሚሸጥ፣ የምርት ዕጣ ቁጥሩ የሚነበብና «ስንት ልጨምር?» ሲባል ከራሱ አንደበት መልስ ከመስጠት ይልቅ ወደ ባሩድ አምራቹ የታተመ ሠንጠረዥ የሚመራ ነው። በርካሽ የቀረበ የተከፈተ ጣሳ፣ ሻጩ ወዳጅ ቢሆን እንኳ፣ አይገዛም።

የአጎቴ ልጅ በመጨረሻ ያገለገለ ፕረስና አዲስ የክንድ ሚዛን ገዛ። በላከልኝ ፎቶ ላይ ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ የዕጣ ቁጥሩንም በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፎ ከሚዛኑ ጎን ለጥፎታል።