ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል?

ግራ የሚያጋባው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 104 ነው። የማሻሻያ ሐሳብ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች (የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት) በአንዱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወይም በአንድ ሦስተኛው የክልል ምክር ቤቶች ከተደገፈ «ለውይይትና ለውሳኔ» ለመላው ሕዝብ ይቀርባል ይላል። «ለውሳኔ» የምትለዋን ይዞ ሕዝበ ውሳኔ ግዴታ ነው የሚል ብዙ ነው። የሚያጸድቀው አንቀጽ 105 ግን የሚቆጥረው የምክር ቤት ድምፅ ብቻ ነው። ለተራ ድንጋጌ፦ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፤ በ12 ክልል ሂሳብ 8 መሆኑ ነው። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም መብቶችን፣ ወይም እነዚህን ሁለት አንቀጾች ለመንካት ግን 12ቱም መስማማት አለባቸው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ክልል እምቢ ካለ እዚያው ይቆማል። የሕዝቡ ውይይት እንዴት እንደሚካሄድ ግን አንቀጽ 104 ዝም ብሏል፤ ክፍተቱም እዚህ ላይ ነው።