ጎንደርን በግማሽ ቀን፦ የነገሥታቱን ግንቦች በግል አስጎብኚ ማየት

ጎንደር ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ብዙ ነው። ለስብሰባ መጥቶ አንድ ጠዋት የተረፈው አለ። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ «እስቲ ግንቡን ሳላየው አልመለስም» የሚል አለ። በነጋታው ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያቀና ደግሞ አለ። ለእነዚህ ሁሉ የግማሽ ቀን የግል ጉብኝት ልክክ ይላል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም፤ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ መኪና ወይም በኮንትራት የተያዘ ባጃጅ፣ ከዚያ አራት ወይም አምስት ሰዓት። የተለመደው ጉዞ ሦስት ቦታ ነው፦ ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛና ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ሰዓት ከተረፈ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት የነበረው ቁስቋም ይጨመራል።

«የግል» የሚለው ለቅንጦት አይምሰላችሁ። በቡድን ስትገቡ ፍጥነታችሁን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ አንዱ ፎቶ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ጥላ ፍለጋ ይጠፋል፣ አስጎብኚው ደግሞ ለሁሉም እንዲሰማ ሲጮህ የሚናገረው ስምና ዓመት ብቻ ይሆናል። ፋሲል ግቢ ግን በስምና በዓመት አይገባም። ግቢው ውስጥ ያሉት ግንቦች በአንድ እቅድ የተሠሩ አይደሉም። ልጅ አባቱ በሠራው ቤት ከመኖር ይልቅ እዚያው አጠገቡ የራሱን ያቆማል፣ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ስለዚህ በአነጋገሥ ቅደም ተከተል፣ ከፋሲል ጀምሮ እስከ ምንትዋብ ድረስ ካልሄዳችሁ፣ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ነው የሚሆነው። አስጎብኚያችሁን መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፦ «በነገሥታቱ ቅደም ተከተል ውሰደን።» ጥሩ አስጎብኚ ደስ ይለዋል።

መነሻው ይሄ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ከጎንደር በፊት በነበሩት ረጅም ዘመናት የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ጦሩ፣ ካህናቱ፣ ገበያው፣ ምኑም ምናምኑም አብሮ ይነሳል። የአካባቢው እንጨትና እህል ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አፄ ሠርጸ ድንግል ጣና አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠራ። አፄ ሱስንዮስም ደንቀዝና ጎርጎራ ላይ አስገነባ። ሱስንዮስ ግን የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ አገሩም እንዲቀበል ስላዘዘ ከባድ እልቂት መጣ፤ መጨረሻ ላይ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲል የካቶሊክ ሚስዮናውያን የነበሩትን ኢየሱሳውያን አስወጣ። በ1636 ደግሞ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ከተማውን ቆረቆረ። ጎንደር ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ቆየች።

ግቢው 7 ሄክታር ገደማ ነው፤ ዙሪያውን የሚከበው ግንብ 900 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 ነው። 12 በሮች ነበሩት፣ እያንዳንዱም ስም አለው፦ ጃን ተከል በር፣ እልፍኝ በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር እያለ ይቀጥላል። ስሞቹን ብቻ ሰምቶ ቤተ መንግሥቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር መገመት ይቻላል፤ በባልደራስ በር የፈረሱ ሰው፣ በእምቢልታ በር ነፊው። አሁን ጎብኚ የሚገባው በአንዱ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ሌሎቹን ሳያያቸው ይወጣል። የግል አስጎብኚ ካላችሁ ሁለት ሦስቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የፋሲል ግንብ መሃል ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው፣ ቢያነሳም አይፈረድበትም። ከፍታው 32 ሜትር ያህል ነው። አራቱ ማዕዘኖች ላይ አናታቸው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ክብ ማማዎች አሉት። የተሠራበት ድንጋይ ቡናማ ጥቁር ነው፣ ማያያዣው ኖራ ነው፣ የመስኮቶቹና የበሮቹ ቅስት ግን በቀይ ድንጋይ የተከበበ ነው። ይህ ቀይ ድንጋይ ከሩቅ አይታይም፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን የግንበኛው ጨዋታ እዚያ ላይ እንዳለ ይገባችኋል። ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ቅዝቃዜው ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውጭ ፀሐይ እያቃጠለ ውስጡ ጋቢ ያስመኛል። ቅስቱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ ተቀርጿል፤ ነገሥታቱ ከሰሎሞን ነው የምንወለደው የሚሉበት ምልክት ነው። ከላይ ካለው ሰገነት ደግሞ ሰማዩ ሲጠራ ወደ ደቡብ ጣና ይታያል።

ማን ሠራው የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። አንዱ ፖርቹጋሎች ይላል፣ ሌላው ቱርኮች፣ ሌላው ሕንዶች። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው አል ሃይሚ የሚባል መልእክተኛ ቤተ መንግሥቱን አይቶ የገለጸ ሲሆን፣ የሠራውም ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፏል። ኢየሱሳውያኑን ያባረረ ንጉሥ ፖርቹጋል ግንበኛ ጠርቶ ቤቱን ያሠራል ብሎ ማመን ለእኔ ይከብደኛል። ኖራ የማቃጠሉና የመገንባቱ ሙያ ግን በሱስንዮስ ጊዜ አገር ውስጥ ገብቷል፣ የተማረው ሰው ደግሞ እዚሁ ነው የቀረው። ድንጋዩን የጠረበውና የተሸከመው የአገሬው ሰው እንደሆነ የሚከራከር የለም። አስጎብኚዎች በዚህ ጉዳይ ላይ እርስ በርስ አይስማሙም። ጠይቁና አዳምጡ፣ ደስ ይላል።

ከፋሲል ቀጥሎ ልጁ ቀዳማዊ ዮሐንስ ነው (1667–1682)። «ጻድቁ» የሚባለው። የእሱ ሕንፃዎች ቤተ መጻሕፍቱና የጽሕፈት ቤቱ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ጣሊያኖች ሲያድሱት ስለለሰኑት ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንድ ሰው በቅርብ የተሠራ መስሎት ያልፈዋል።

የዮሐንስ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ነው (1682–1706)፤ ግቢው ውስጥ ከፋሲል የሚወዳደር ቤት የሠራው እሱ ነው። ግንቡን የኮርቻ ግንብ የሚሉት ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠ ስለሆነ ነው። በደጉ ዘመን ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። አሁን ግን ጣሪያ የለውም፣ ቀና ስትሉ ሰማይ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጎንደር ላይ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። ኢያሱ ራሱም አወዳደቁ አላማረም፤ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ወስዶ አስገደለው። ለዚህ ነው ይህ ግቢ በቅደም ተከተል ይታይ የምለው። ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው የምትራመዷት ትንሽ ሣር ላይ አንድ የአባትና የልጅ ጠብ አለ።

ከዚያ ዳዊት ሣልሳዊ (1716–1721)። ያቆመው የመዝሙር አዳራሽ ነው፣ ዜማና ጨዋታ ይወድ ነበር፣ በመርዝ እንደሞተ ይነገራል። እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በካፋ (1721–1730) ረጅም የግብር አዳራሽና የፈረስ ቤት አለው። የበካፋ ወሬ ግን ከሕንፃው ይበልጣል። ተራ ሰው መስሎ በአገሩ የሚዞር ንጉሥ ነበር ይላሉ። በአንዱ ጉዞው ቋራ ላይ ታሞ ያስታመመችው ቆንጆ ልጅ ናት እቴጌ ምንትዋብ የሆነችው። እሱ ሲሞት ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍታ አገር አስተዳደረች። የእሷ ግንብ በግቢው ውስጥ ከተሠሩት የመጨረሻው ነው፣ ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተሠሩ መስቀሎች አሉበት። ጠዋት ብርሃን ሲያርፍባቸው ማየት ነው።

ግቢው ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትና የአንበሳ ቤትም አለ፤ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ የሚጎትታችሁ ወደ አንበሳው ቤት ነው። ከምንትዋብ በኋላ መሳፍንቱ ሲበረቱ ነገሥታቱ ስም ብቻ ሆኑ፣ አዲስ ግንብ የሚያቆም አቅምም ጠፋ። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠለ፣ በ1888 ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ደገሙት። በቅርብ ዓመታት ሰፋ ያለ እድሳት ተደርጓል፤ አንዳንዱ ሰው አዲሱን ኖራ አይወደውም፣ እኔ ግን ከሚፈርስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለግቢው ሁለት ሰዓት መድቡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብትገቡ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ትወጣላችሁ፣ ፀሐዩም ገና አልከረረም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አትቸኩሉ። የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ፣ የድንጋይ ደረጃው በብዙ እግር ተሞርዷል። አስጎብኚ በሩ ላይ መታወቂያ ያለውን ያዙ። ዋጋውን፣ ባጃጁ ወይም መኪናው የሚጠብቃችሁ መሆኑን፣ ስንት ቦታ እንደምትሄዱም ሳትነሱ ተነጋገሩ። «ችግር የለም፣ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ ችግር አለ። የመግቢያ ትኬታችሁንም አትጣሉት፣ መዋኛው በር ላይ ሊጠየቅ ይችላል።

መዋኛው ከመሃል ከተማ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ በቀሃ ወንዝ በኩል። ሰፊ የድንጋይ ገንዳ ነው፣ በአንድ በኩሉ በቅስቶች ላይ የቆመ ትንሽ ግንብ አለ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ለጥምቀት ጥር 11 ሲቃረብ ከቀሃ ውኃ ተስቦ ይሞላል። ሰው የሚመጣው ገንዳውን ሊያይ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ወደ አጥሩ ሂዱ እላለሁ። የዋርካዎቹ ሥር ግንቡን ጨብጦታል፣ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ ወጥቶ የትኛው ማንን እንደያዘ አይለይም። አጠገቡ ያለችውን ክብ ጉልላት የፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይሏታል። እዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በጥምቀት ሳምንት ግን ይህን ሁሉ እርሱት፤ የግማሽ ቀን ጉብኝት የሚባል ነገር በዚያ ሳምንት አይሠራም፣ መንገዱም ሰዉም የታቦቱ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን መጀመሪያ ያሠራው ታላቁ ኢያሱ ነው፣ በ1690ዎቹ፤ አሁን የሚታየው ሕንፃ ግን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ክብ ናቸው፣ ይህ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው። ቅጥሩ ላይ 12 ማማዎች አሉ፤ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ፣ ወንድና ሴት በየበሩ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፣ በተርታ በተርታ፣ ሁሉም ትልልቅ ዓይን ያላቸው። ሲያዩአቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ቀስ ብላችሁ ስትከታተሉ የአንዱ ቅንድብ ከሌላው ይለያል፣ ዓይናቸውም በየአቅጣጫው ያያል። መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥነ ስቅለቱና ከላዩ ሥላሴ ናቸው። ፍላሽ ክልክል ነው። ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ ንብ ተነስቶ መለሳቸው ብለው ካህናቱ ይነግሯችኋል። ቅዳሴ ካለ ወይም ቀትር ላይ ከሆነ በሩ ሊዘጋ ስለሚችል አስጎብኚው ቀድሞ ይደውል።

አሁን ሰዓት ከተረፋችሁ ቁስቋም። ብዙ የጉብኝት ፕሮግራም ውስጥ የለም፣ እኔ ግን ሱቅ ለሱቅ ከመዞር እሷን እመርጣለሁ። ምንትዋብ ከግቢው ጫጫታ ወጥታ በኮረብታው ላይ የሠራችው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያከመው እዚህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ነው፣ ጎብኚም አይበዛበትም። የምንትዋብ፣ የልጇ የኢያሱና የልጅ ልጇ የኢዮአስ አፅም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ለማየት ካህኑን በትሕትና መጠየቅ ነው።

ጉዛራን እዚህ ላይ ለመደረብ አትሞክሩ። በባሕር ዳር መንገድ ላይ እንፍራንዝ አጠገብ ነው፣ ራሱን የቻለ ጠዋት ይፈልጋል። ከከተማ የሚያስወጣ ጉዞ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ሰላም ከሆቴላችሁና ከሹፌሮቹ በዚያው ዕለት አጣሩ።