ዝግተኛው የምድር ዛቢያ መንገዳገድ

የምትሾር እንዝርት ስትደክም መንገዳገድ ትጀምራለች። ጫፏ መሬት እንደነካ አናቷ በአየር ላይ ክብ ይሠራል። የምድር ዛቢያም እንዲሁ ያደርጋል፤ ምድር ግን ደክሟት አይደለም።

ዛቢያው 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። ቀስ እያለ ሰማይ ላይ የሚሠራውን ክብ ለመጨረስ 25,800 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። በዚህ እንቅስቃሴ የሚቀየረው ዛቢያው የሚጠቁምበት አቅጣጫ እንጂ የዘንበልታው መጠን አይደለም።

ሰበቡ የምድር ቅርጽ ነው። ምድር ልቅም ያለች ኳስ አይደለችም፤ ወገቧ ላይ ቦርጭ ቢጤ አላት። በወገቧ በኩል ያለው ስፋቷ ከዋልታ እስከ ዋልታ ካለው በ43 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ጨረቃና ፀሐይ ይህን ቦርጭ እየሳቡ ያዘነበለውን ዛቢያ ሊያቀኑት ይታገላሉ። የሚሾር ነገር ደግሞ ግትር ነው፤ ሲገፉት እሺ ብሎ በተገፋበት በኩል አይሄድም፣ ወደ ጎን ይዞራል። ከሥራው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የጨረቃ ነው። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ሩቅ ናት። ይህን በስበት ያብራራው ኒውተን ነው፣ በ1687 እ.ኤ.አ.።

ነገሩ ግን ከኒውተን በፊት ከ1,800 ዓመታት በላይ ታውቋል። የግሪኩ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሂፓርከስ ሰንቡላ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ስፒካ የተባለ ኮከብ ለካ። በመከር ወራት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ካለችበት ነጥብ 6 ዲግሪ ርቆ አገኘው። ከእሱ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ ቲሞካሪስ ሲለካው ግን 8 ዲግሪ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ሽማግሌው ተሳስቶ ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ሂፓርከስ ግን የድሮውን ልኬት አመነ፤ በ100 ዓመት ቢያንስ 1 ዲግሪ ለውጥ አለ አለ። ትክክለኛው በ72 ዓመት 1 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ የሚይዙትን ያህል ማለት ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያገኘው ይህንኑ ነው፤ ያለ ጽሑፍ ማንም ልብ አይለውም።

የሰሜን ኮከብ የምንለው ፖላሪስም ሹመቱ የዘላለም አይደለም። ከ4,800 ዓመት ገደማ በፊት ቦታው የቱባን ነበር። ፖላሪስ ለሰማዩ ዋልታ፣ ማለትም ዛቢያው ለሚጠቁምበት ነጥብ፣ ይበልጥ የሚቀርበው በ2100 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ ያኔም በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይርቃል። ከ12,000 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ደማቋ ቬጋ ተራዋ ይደርሳል። እርግጥ እሷ ዋልታው ላይ ልክ አትቀመጥም።

ኮከብ ቆጣሪዎችን የሚያሳፍር ነገርም አለ። ከ2,000 ዓመት በፊት፣ በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ፀሐይ ሐመል ውስጥ ትታይ ነበር። ዛሬ በዚያው ዕለት ያለችው ሑት ውስጥ ነው። በምዕራቡ ዓለም የሚሠራበት የኮከብ ሰንጠረዥ ግን እዚያው ቀርቷል። «ኮከቤ ሐመል ነው» የሚል ብዙ ሰው ሲወለድ ፀሐይ ከሑት አልወጣችም ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጃንዋሪና ጁላይ ወቅታቸውን ይለዋወጡ ይሆን? አይለዋወጡም፤ የጎርጎርዮስ ካላንደር የሚከተለው ወቅቶችን ነው። ከወቅት እስከ ወቅት የሚቆጠረው ዓመት፣ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር ከምትጨርስበት በ20 ደቂቃ ያህል ያጥራል። የሚለዋወጡት ከዋክብቱ ናቸው። አሁን በሰሜኑ የምድር ክፍል የብርድ ወራት ማታ ማታ የሚታየው ኦሪዮን የተባለ የከዋክብት ስብስብ ከ13,000 ዓመት በኋላ በሙቀት ወራት ምሽት የሚታይ ይሆናል።

ትልቁ መዘዝ የአየር ንብረቱ ነው። ምድር አሁን ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ግን የምትቀርበው በሰሜኑ የሙቀት ወራት ነበር። የሰሜን አፍሪካ ምድር ይበልጥ ጋለ፤ እርጥብ ነፋስ ከባሕር ሳበ፤ ዝናቡ ሰሃራ ድረስ ዘለቀ። ዛሬ አሸዋ ብቻ የሆነው ቦታ ሣርና ሐይቅ ነበረው፤ ጉማሬም ይኖርበት ነበር። የምድር ምህዋር ራሱም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ይህ የአየር ንብረት ዑደት ከ25,800 ዓመት ያጥራል፤ በአማካይ 21,000 ዓመት ገደማ ነው።

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ጉዳዩን ከካርታው ጥግ ያገኘዋል። የከዋክብት ካርታ ላይ «2000» የሚል ዓመት ይጻፋል፤ አድራሻዎቹ የተሰሉበት ዘመን ነው። የ1950 ካርታ ይዞ ዛሬ ኮከብ የሚፈልግ ሰው ከሙሉ ጨረቃ ስፋት በላይ ሊስት ይችላል።