ግራሶ ላይ ያለው «2» ቁጥር ምን ይናገራል?

በግራሶ ጣሳ ላይ «ኤን ኤል ጂ አይ 2» (ኤን ኤል ጂ አይ ልኬቱን ያወጣው የአሜሪካ የግራሶ ተቋም ስም ምህጻር ነው) የሚለው ጽሑፍ የውፍረት እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ 3 ቁጥር ከ2 ይወፍራል እንጂ አይበልጥም። ልኬቱ ከ000 እስከ 6 ይሄዳል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታሸ ግራሶ ላይ የሾለ ክብደት ይለቀቅና በ5 ሰከንድ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊሜትር ከሰመጠ 2 ቁጥር ይባላል። ለአብዛኛው ኩሽኔታ የሚሆነው ይኸው ነው።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ግራሶ በቀጭን ቱቦ በሚከፋፈልበት ማሽን ላይ 2 ቁጥር ጠዋት ጠዋት አልሄድ ሊል ይችላል፤ አምራቹ ከፈቀደ እዚያ 1 ወይም 0 ይሻላል።

ቁጥሩ የማይነግረን ግራሶው ከምን እንደተሠራ ነው። የሊቲየም ግራሶ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይችላል። ተራው የካልሲየም ግራሶ ውሃ አይበግረውም፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ግን አይታመንም። ሁለቱም 2 ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ! በቀለም መለየትም ከንቱ ነው፤ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የተጨመረ ነው። የሊቲየም ግራሶ ባለበት ላይ ፖሊዩሪያ የሚባለው ሌላ ዓይነት ግራሶ ከተጨመረ ድብልቁ ቀጥኖ ሊፈስ ስለሚችል፣ ዓይነት ሲቀየር አሮጌውን ጠርጎ ማውጣት ነው።

በፍጥነት የሚዞር የወፍጮ ኩሽኔታ ደግሞ ጢም ብሎ አይሞላም። ከባዶ ቦታው ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃዋል፤ ከበዛ ግራሶው ራሱ እየታሸ ኩሽኔታውን ያግለዋል።